አመልማሎና የሽሩባ ሚዶ

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ እኔና እናቴ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የመጨረሻ ደብዳቤሽ መሳቢያዬ ውስጥ ከተቀመጠ አራት ዓመት አለፈው። መልስ ሳልሰጥሽ የቆየሁት ረስቼሽ ሳይሆን፣ መጀመሪያ በሥራ ብዛት፣ ኋላም በሐፍረት ነው። አሁን ግን ካንቺ በቀር ማንንም ልጠይቀው የማልችል ጉዳይ ገጠመኝ፤ ጉዳዩም ውሻ ነው። ሳቂ፣ መብትሽ ነው።

በዚያ ደብዳቤሽ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትንከባከቢያቸው አሮጊት አንዲት ነጭ ትንሽ ውሻ እንዳለቻቸው፣ እሳቸውን አጥበሽና አልብሰሽ ከጨረስሽ በኋላ እሷንም ማበጠር ከሥራሽ እንደ ተቆጠረብሽ በምሬት ጽፈሽልኝ ነበር። ለእናቴ ሳነብላት «ደግሞ ለውሻ ሚዶ!» ብላ አብረን ስቀንብሻል። ይኸውልሽ፣ ያቺ ሚዶ ዛሬ እኔ እጅ ገብታለች። የእህቴ ልጅ ለትምህርት ወደ ውጭ ስትሄድ ማልቲዝ የሚባል ዘር የሆነች ነጭ ትንሽ ውሻዋን «ለአንድ ወር ብቻ» ብላ እኛ ዘንድ አስቀመጠቻት፤ ወሩም ሁለት ዓመት ሆነው። እናቴ «ውሻ ከደጅ እንጂ ከቤት ምን አላት» እያለች ስትቆጣ ከርማ፣ አንድ ቀን ጥጥ ስትፈትል ከእንዝርቷ አጠገብ ተጠቅልላ ብታገኛት «ይህችስ አመልማሎ ናት» አለች፤ ስሟ በዚያው ጸና።

3 ኪሎ የማትሞላ ፍጡር ይህን ያህል ሥራ ይኖራታል ብዬ አልገመትኩም ነበር። የአመልማሎ ፀጉር እንደ አገራችን ውሻ ፀጉር አይረግፍም፤ እንደ ሰው ፀጉር እያደገ ስለሚሄድ የተነቀለው ሳይወድቅ ከቆመው ጋር ይጠላለፍና ይቋጠራል። ባለፈው ሐምሌ ከሰፈራችን ጭቃ ተንከባልላ ስትመጣ፣ ሳላበጥራት በሳሙና አጠብኳት። ቋጠሮ ውሃ ሲነካው ይብስ እንደሚጠብቅ የተረዳሁት ፀጉሯ ደርቆ የመንዝ በርኖስ ከመሰለ በኋላ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ መፍታት አይቻልም ብሎ እስከ ቆዳዋ ድረስ ላጫት፤ ከሥሩም ቆዳዋ ቀልቶና ቆስሎ ተገኘ። ከብርድ የሚከላከል የውስጥ ፀጉር ድሮውንም የላትም፤ በዚያ ላይ ተላጭታ በአዲስ አበባ ክረምት ስትንቀጠቀጥ ያየችው እናቴ፣ ያቺው ተቆጪዋ፣ አሮጌ ጋቢዋን ቀድዳ ልብስ ሰፋችላት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ ሽሩባ የሚሠራ ሰው እንደሚያደርገው ፀጉሯን በመስመር በመስመር እየከፈልኩ ከጫፉ ወደ ሥሩ አበጥራታለሁ። ቋጠሮ የሚወደው ከጆሮዋ ኋላ፣ ብብቷንና ማሰሪያው የሚፈትገውን ቦታ ነው። በእንባዋ ምክንያት ከዓይኗ ሥር የሚወርደውን ቡናማ መስመርም ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጨርቅ እጠርጋለሁ፤ ጨርሶ ባይጠፋም አይጠነክርም።

ምግቧን በተመለከተ ግን ራሴን ከዚህም የበለጠ እወቅሳለሁ። እንደ ማንኛውም የአገራችን ውሻ ትበላለች ብለን፣ በወጥ የራሰ እንጀራ ስናጎርሳት ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ከተኛችበት መነሣት አቃታት፤ ድዷ ነጣ፣ ሽንቷም ጠቆረ። ሐኪሙ የምትበላውን ከጠየቀኝ በኋላ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ እንደሚያፈርሱ፣ መቀቀላቸውም ጉዳቱን እንደማያስቀረው፣ ለትልቅ ውሻ ጥቂት የሆነው ለእሷ ብዙ መሆኑን አስረዳኝ። የእኛ ወጥ ሽንኩርቱ ቢወጣለት ምን ይቀረዋል? ዘቢብና ቸኮላት፣ ሲቆረጠም የሚሰነጠቅ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ከዚያው ቀን ጀምሮ ተከለከሉ። አሁን ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ የተቀቀለ ሥጋ ከሩዝ ጋር በቀን ሁለት ጊዜ ትበላለች፤ ሥጋና ሩዝ ብቻውን ካልሲየም ስለሚጎድለው የውሻ ደረቅ ምግብም እቀላቅልላታለሁ፤ ዋጋውን ግን አትጠይቂኝ።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሰፈራችን ያለው ሥጋ ቤት 55ቱን ቀን ስለሚዘጋ፣ ለቅበላ ለራሳችን ከምንገዛው በላይ ለእሷ ገዝተን በየቀኑ የሚበቃትን እየለየን ፍሪዘር ውስጥ እናስቀምጣለን። ጎረቤታችን ከቤታችን የሥጋ ሽታ ሲወጣ «እመቤቲቱ አትጾምም እንዴ?» ብላ እናቴን ታበሽቃታለች። እናቴም «ንስሓ አባቷ ፈቅደውላት ነው» ትላለች።

የእብድ ውሻ ክትባቷን በየዓመቱ አስከትባታለሁ፤ መንገድ ላይ ባለቤት የሌላቸው ውሾች የሚበዙበት ከተማ ስለሆነ በዚህ ቀልድ የለም። ስወስዳትም በአንገት ማሰሪያ ሳይሆን ደረቷን በሚይዝ ነው፤ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ውሾች የመተንፈሻ ቧንቧቸው ስስ ስለሆነ አንገታቸው ሲሳብ ያስላቸዋል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ጥርሷን መቦረሽ እንዳለብኝ ተነግሮኛል፤ መንጋጋዋ ጠባብ፣ ጥርሶቿም የተጨናነቁ በመሆናቸው ቶሎ ይቆሽሻሉ። ነገር ግን ብሩሹን ገና ስታይ ከአልጋ ሥር ትገባለች፣ ተጎትታም አትወጣም። አንቺ የአሮጊቷን ውሻ አፏን እንዴት አስከፈትሻት? ጥፍሯንስ ደም ሳታወጪ እንዴት ትቆርጪ ነበር? ጥፍሯን ስነካ እሷ ሳትጮህ እኔ እጮሃለሁ። ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ካገኘሽም፣ ጥርሱ ከብረት የሆነ፣ በአንድ ወገን ሰፋ በሌላው ጠበብ ያለ የውሻ ሚዶ ላኪልኝ፤ የእኔው የሽሩባ ሚዶ ግማሽ ጥርሱ ረግፏል።

ደግሞስ አሮጊቷ አሉ? ውሻቸውስ ከማን ጋር ነች? በዚያን ጊዜ ሳልጠይቅሽ በመቅረቴ ዛሬ አዝናለሁ።

እናቴ እጅግ ናፍቃሻለች፤ አመልማሎም ይህን ስጽፍ እግሬ ላይ ተኝታለች።

መልስሽን በናፍቆት የምትጠብቅ፣
ጓደኛሽ