የካዝናውን በር የዘጋው ማን ነበር?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በመዝናኛ ዓምድዎ በስዊድን ዋና ከተማ ስለደረሰ የባንክ እገታ ስለሚተርከው «ስቶክሆልም» ስለተባለው ፊልም የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ለመዝናናት፣ ከዚያ የተሳሳትኩት እኔ አለመሆኔን ለማረጋገጥ። ዘራፊውን ሆኖ ስለሚተውነው ስለ ኤታን ሆክ የካውቦይ ባርኔጣ አንድ ሙሉ አንቀጽ የጻፉት ባልደረባዎ፣ ታጋቾቹን ግን በዘራፊው ፍቅር ወድቀው ከባንኩ የካዝና ክፍል አንወጣም ያሉ ሰዎች አድርገው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሸኝተዋቸዋል።

ፊልሙ ኮሜዲ-ድራማ ነውና ስሞቹን ቢለውጥም ቢያስቅም አይከፋኝም። ጋዜጣ ግን እ.ኤ.አ. ከኦገስት 23 እስከ 28 ቀን 1973 በስቶክሆልም ኖርማልምስቶርግ አደባባይ፣ ክሬዲትባንከን በተባለው ባንክ ውስጥ የሆነውን ሲተርክ ማጣራት ነበረበት። ያን-ኤሪክ ኦልሶን መሣሪያ ይዞ ገብቶ 3 ሚሊዮን ክሮና ጠየቀ፤ እስረኛው ክላርክ ኦሎፍሶንም እንዲመጣለት ጠይቆ መንግሥት አመጣለት። ከአራቱ ታጋቾች አንዷ፣ የ23 ዓመቷ ክሪስቲን ኤንማርክ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኦሎፍ ፓልሜን በስልክ አግኝታ ከዘራፊዎቹ ጋር እንድትወጣ ይፈቀድላት ዘንድ ለመነች፤ የምትፈራው እነሱን ሳይሆን ፖሊስን መሆኑንም ነገረቻቸው። ፓልሜ አልፈቀዱም። የካዝናውን ከባድ በር ከነታጋቾቹ የዘጋው ፖሊስ ነው፤ ጣሪያውን ሲበሳ የነበረውም ፖሊስ ነው። ዘራፊውም ቢሆን መልአክ አልነበረም፤ አስለቃሽ ጭስ ቢለቀቅ እንዲታነቁ አንገታቸው ላይ ገመድ አጥልቆባቸዋል። ለመሆኑ ከ130 ሰዓት በላይ እንዲህ የቆየ ሰው «አንወጣም» ሲል የሰማው ማን ነው?

በመጨረሻው ምሽት ታጋቾቹ «ዘራፊዎቹ ይቅደሙ» ማለታቸው፣ ሲለያዩም መተቃቀፋቸው እውነት ነው። ይህን ያሉት ግን እኛ ቀድመን ከወጣን ውስጥ የቀሩት ይገደላሉ ብለው በመስጋታቸው ነበር። ታጋች ለአጋቹ ሲያደላ ዛሬ «የስቶክሆልም ሲንድረም» ለሚባለው ሁኔታ ስም ያወጣለት የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ኒልስ ቤዬሮት በዚያው እገታ የፖሊስ አማካሪ እንደነበረ ጽሑፍዎ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ፖሊስን የነቀፈች ሴት በፖሊስ አማካሪ በሽተኛ ተባለች፤ እንዴት ያለ ቀልጣፋ ሕክምና ነው!

ነገሩ የነካኝ በራሴም ስለደረሰ ነው። ስቶክሆልም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሱቅ የማታ ካሸር ሆኜ ስሠራ፣ ቢላዋ የያዘ ልጅ ገባብኝ። እጁ ከእኔ እጅ ይብስ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ቀስ በል ወንድሜ» አልኩና ሳንቲሙን ሳይቀር ከመሳቢያው አውጥቼ በፌስታል አደረግሁለት። ቃሌን የተቀበለው ፖሊስ ይህን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ልጁን አውቀው እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ልጁም እንደኔው ጥቁር ነበርና ጥያቄውን ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ያገሬ ልጆች ደግሞ ቡና ላይ «ወደድሽው እንዴ?» እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ። ቢላዋ ለተደቀነባት ሴት የሚፈቀደው ጤነኛ ጠባይ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም፤ ምናልባት ባልደረባዎ ያውቁ ይሆናል።

ኤንማርክ የሆነባትን በራሷ መጽሐፍ ጽፋዋለች፤ ፈልጎ ማንበብ ባይቻል እንኳ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ማየት ይቻላል። በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ለባርኔጣው ከተሰጠው ቦታ ሩቡ ለበሩ ቢሰጥ ይበቃኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ካሸር፣ ከስቶክሆልም