እማዬ ገጹ ይውጣ ካለች

እትዬ፣

እንዴት ናችሁ? እማዬስ? እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራም ደህና ነው። ብሩን ከላክሁ ጀምሮ ድምፅሽን ስጠብቅ ከረምኩ። በስንት ጊዜ የመጣው መልእክትሽ ደግሞ ስለ ብሩ ሳይሆን ለወንድማችን ብዬ ስላሳተምኩት የግጥምና የሥዕል መጽሐፍ ሆነ። «የቤታችንን ሐዘን አደባባይ አወጣሽው፣ ያውም ገንዘብ አውጥተሽ» አልሽኝ። ደጋግሜ ሰማሁት። ተናደድኩ፣ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሥራ ገባሁ። አሁን ደግሞ አንቺ ስሚኝ።

ስለ ገንዘቡ ተናግሬ ልገላገል። ኮፒ አሳትሜ አልከመርኩም። ፋይሉ ማተሚያው ጋ ይቀመጣል፤ ሰው ሲያዝ ያቺው አንዷ ታትማ ትላካለች። ሥዕሉን የሣልኩት እኔ፣ ገጹን ያቀናበርኩት እኔ። ከእናንተ የተቆረጠ ሳንቲም የለም። ይህን ማስረዳቴ ራሱ ያናድደኛል።

ሐዘኑን በተመለከተ ግን፣ እናንተ አብራችሁ አለቀሳችሁ። ወንድማችን ሲቀበር የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ አልመጣሁም። በማግስቱ የሰው ቢሮ ሳጸዳ ነበር። ስትደውዪ «በርቱ፣ እኔ ደህና ነኝ» እልሻለሁ፣ ስልኩን ዘግቼ እስኪነጋ ጣሪያ አያለሁ። ይህን ለእማዬ አትንገሪያት።

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ አንድ ጥናት አነበብኩ። ጄምስ ፔንቤከር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። የኮሌጅ ተማሪዎችን ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ስለደረሰባቸው ክፉ ነገር አስጻፏቸው። የሆነውንም የተሰማቸውንም የጻፉት ልጆች ከወረቀቱ ሲነሡ ባሰባቸው፣ የደም ግፊታቸው ሳይቀር ከፍ አለ። በቀጣዮቹ 6 ወራት ግን ሕክምና ፍለጋ የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ሆነ። ኋላ የመጡት ጥናቶች ጥቅሙ በአማካይ ትንሽ ነው ይላሉ። ለእኔ ትንሹም ብዙ ነበር። ስጽፍ ባሰብኝ፤ እንደሚብስ ስለማውቅ ግን አላቆምኩም።

እማዬ ይዛ ያለቀሰችበት ገጽ እንዲህ ነው የሚለው፦

ሸሚዝህ ታጥቦልህ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣
ሲደርቅ የሚያነሣው ባለቤቱ ወጥቷል።

በቃ፣ ይኸው ነው። ስሙ የለበትም፣ የቤታችን ስም የለበትም። የቱ ላይ ነው አደባባይ ያወጣሁት?

«ግጥሙ አይበቃም ነበር? ሥዕሉ ለምን አስፈለገ?» ብለሻል። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፣ እትዬ። ግጥም ብቻ ሲሆን እሷ የማትገባበት ቤት የሠራሁ መሰለኝ። ስለዚህ በየግጥሙ አጠገብ ሣልኩላት፤ ማንም ሳያነብላት ራሷ እንድታውቀው።

ዊሊያም ብሌክ የሚባል እንግሊዛዊ ገጣሚ ነበር። ግጥሙንና ሥዕሉን መዳብ ላይ አንድ ላይ እየሠራ፣ ከሚስቱ ከካትሪን ጋር በእጅ ቀለም እየቀቡ ራሱ ያሳትም ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሮበርት በ1787 እ.ኤ.አ. ሞተበት። «ይህን የኅትመት ዘዴ በራእይ መጥቶ ያሳየኝ እሱ ነው» ይል ነበር። እብድ ያሉት ሰዎች ነበሩ። እኔ ሳነበው አልሳቅኩም። የእኛው ግን በሕልሜም መጥቶ ስለ ማተሚያ ትንፍሽ አላለም፤ ያው እንደ ድሮው ዝም ነው።

ከግጥሙ አጠገብ የሣልኩትን ያን ሰማያዊ ሸሚዝ ለማተም ያየሁት አበሳ! ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው። ማተሚያ የሚያትመው ደግሞ በሳያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ በማጀንታ (ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ)፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም ነው፤ ደማቅ ሰማያዊ ላይ ይቸገራል። የሙከራው ኮፒ ሲመጣ ሸሚዙ ወይን ጠጅ ሆኖ ቁጭ! ማጀንታውን ቀነስኩ፣ እንደገና አዘዝኩ፣ አሁንም ቀነስኩ። በየሌሊቱ ያንኑ ሸሚዝ ሳፈጥበት አንድ ነገር ሆነ፤ ማልቀሱ ቀርቶ ስለ ማጀንታ መጨቃጨቅ ጀመርኩ። እንቅልፍ የመጣልኝ ያኔ ነው። ግጥሙን ስጽፍ አይደለም፣ ቀለሙን ሳስተካክል ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱ የምሠራው ነገር አገኘሁ።

አሁን ወደ እማዬ። ገጹን በእጇ ዳብሳ አለቀሰች፣ አንቺም ደም ብዛቷ ይነሣባታል ብለሽ መጽሐፉን ደበቅሽው። እባክሽ መልሺላት። ትታይ፣ ታልቅስ። ስትለካ ስንት እንደሆነ ደግሞ ቁጥሩን ላኪልኝ። «ደህና ናት» አትበይኝ፤ ያን አነጋገር እኔም እችልበታለሁ።

ገጹ ይውጣ የምትለው እሷ ከሆነች አወጣዋለሁ። ፋይሉን ቀይሬ ብሰቅለው ከዚያ በኋላ የሚታተመው ያለ እሱ ነው የሚወጣው። የተሸጡትን ግን መሰብሰብ አልችልም። እትዬ፣ ይውጣ የምትዪው አንቺ ከሆንሽ ግን አላወጣውም። ተቆጪ፣ ችግር የለም። ታላቄ ነሽ፣ መብትሽ ነው።

ደግሞ ያቺ ልጅ ልታገባ! እኔ ስወጣ የጫማዋን ክር የምናስርላት አልነበረችም እንዴ? የልጁን ፎቶ አየሁት። ጆሮው ተለቅ ያለ ነው፤ ሰሚ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ወሬዋ አያልቅማ። ይወዳታል? እማዬን ሲያናግር እንዴት ነው? የሚቆጣው በምንድን ነው? «ጥሩ ልጅ ነው» ብለሽ አትለፊኝ፣ አንድ በአንድ ንገሪኝ። ቀኑን ለእኔ ብላችሁ እንዳታራዝሙ። መምጣት ብችል በእግሬም እመጣ ነበር። አልችልም። ይህን ስጽፍ እንኳ ሆዴ ባባ፣ ልተወው።

የጥሪ ካርዱን ግን እኔ ነኝ የምሠራው፣ ለማንም እንዳትሰጡ። የሁለቱን ፎቶ ቀን፣ መስኮት አጠገብ አንሺልኝ፤ በአምፖል የተነሣው ፊታቸውን ቢጫ ያደርገዋል። በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፣ አለበለዚያ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ስማቸውን እንዴት እንደሚጽፉትም ጠይቂልኝ፤ እሷ ፊደል ስትቀያይር ትኖራለች። እስከ እሑድ ካደረሽልኝ በሳምንቱ ንድፉን አሳያችኋለሁ።

እህትሽ