የሥዕልና የጥልፍ ክበብ፦ ከጁገል ወደ ጨርቅ

የክበባችን አባላት በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ደብተር ይዘው በግንብ በታጠረው የሐረር ከተማ፣ በጁገል ውስጥ እየተዘዋወሩ ነደፉ፤ በሁለተኛው ከነደፉት መርጠው ጠለፉ። ዓመቱን ሙሉ አጥብቀን ያስተማርነው፣ ደብተሩ ከሥዕሉ ማማር ይልቅ ለመርፌ የሚጠቅመውን መያዝ እንዳለበት ነው።

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ሸዋ በርን ከነሰማዩ፣ ከነሰዉ፣ ከነባጃጁ በአንድ ገጽ ሊያሰፍር ይሞክራል። ጨርቅ ላይ ሲደርስ ግን መስመሩ ይጨናነቃል፤ በጣም ደቃቅ ነገር በክር አይወጣም። ስለዚህ ካርቶን ላይ 4 በ4 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ አውጥተን በእሱ የሚታየውን ብቻ አስነደፍን፦ የበሩን ቅስት፣ የድንጋዩን አደራደር፣ መኪና ግርግር በተባለው መንገድ ከልብስ ሰፊዎች ደጃፍ የተንጠለጠለ ጨርቅ እጥፋት። ጠዋት መውጣት ይሻላል፤ እኩለ ቀን ሲቃረብ ጥላው ያጥርና ቅርጹ ይደበዝዛል። ሰው ከመንደፍ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ቀለምን በስም ብቻ መመዝገብ አያስተማምንም፤ «ቀይ» ስንት ዓይነት ነው! የክር ቁርጥራጮች ይዞ ከግድግዳው ጋር እያስተያዩ የሚመስለውን ከገጹ ጠርዝ መለጠፍ ነው።

እጅግ የረዳን በሐረሪ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የአለላ ስፌት ነው። ሙሉውን ክብ መሳል አያስፈልግም። ቅርጹ ዙሪያውን ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ቆጥሮ አንዱን ክፍል በጥንቃቄ መንደፍ ይበቃል። 8 ጊዜ ከተደጋገመ የአንዱ ክፍል ማዕዘን 45 ዲግሪ ነው፤ በስስ ወረቀት ገልብጦ እያዞሩ ማስተላለፍ ነው። ማዕዘኑን በዓይን የገመተ ግን ይቸገራል፦ በየክፍሉ 1 ዲግሪ ቢስት መጨረሻው በ8 ዲግሪ ይደራረባል ወይም ክፍት ይቀራል። ፕሮትራክተር ከቦርሳ አይለይ።

አቡጀዲው ከመጠለፉ በፊት ይታጠብ፤ አለዚያ በኋላ ሲታጠብ ገብቶ ጥልፉን ያሸበሽበዋል። ክሩ ከ45 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ሲረዝም ሲመላለስ ይሻክራል፣ ይቋጠራል። ስድስት ዘለላ ካለው ክር ለመስመር 2፣ ለመሙያ 3 ዘለላ ይበቃል። ቀይና ጥቁር ክር ቀለም ሊለቅ ስለሚችል አስቀድሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ተጭኖ ይፈተን።

በመጪው ዓመት የሚመዘገቡ ተማሪዎች መስመር የሌለው፣ ሽፋኑ ጠንካራ ደብተር፣ 2ቢ እርሳስና ላጲስ ይዘው ይምጡ። ክርና ጨርቁ ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ይቆይ።