ልጄ፣ ሂተሩን ከመሰካትሽ በፊት ሶኬቱን እዪልኝ

ልጄ ሰላም ነሽ ወይ፣ ደህና ሰነበትሽ? ዘንድሮ ዊንተሩን አርቪሽ ውስጥ፣ ያ እንደ ቤት የሚኖርበት መኪናሽ ውስጥ እንደምታሳልፊና የኤሌክትሪክ ሂተር እንደገዛሽ ስትነግሪኝ በስልክ ብዙ ማውራት አልቻልንም፣ ኔትወርኩም ይቆራረጥ ነበር፣ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በመብራት ስራ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ መቀመጥ አልሆነልኝም። ረዘም ይላል ታገሺኝ፣ ሁለቴ አንብቢው ደግሞ።

ሰው ሂተር ሲባል የሚፈራው ሂተሩን ነው፣ ያንን ቀልቶ የሚታየውን ሽቦ ማለቴ ነው። እሱም ቢሆን ያስፈራል። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የምትሰኪበት ሶኬት ነው። የቤት ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው በብሎን ጠብቆ የታሰረ ነው፣ አርቪ ላይ ግን ግድግዳው ቀጭን ስለሆነና ፋብሪካው ስራው እንዲፈጥንለት ስለሚፈልግ ብዙ ጊዜ የሚገጥሙት ሽቦውን በትናንሽ የብረት ጥርሶች ነክሶ የሚይዝ ሶኬት ነው፣ ብሎን የሚባል ነገር የለውም። ለስልክ ቻርጀር፣ ለላፕቶፕ፣ ለቲቪ ምንም አይለውም። ሂተር ግን ለሰዓታት ሳያቋርጥ ብዙ ከረንት ይስባል፣ አርቪው ደግሞ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ የከረመ ነው፣ ስለዚህ ያ ጥርስ ትንሽ ላላ ካለ እዛች ነጥብ ላይ ሙቀት ይፈጠራል፣ ሙቀቱ ብረቱን የባሰ ያላላዋል፣ መላላቱ ደግሞ ሙቀት ይጨምራል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ፕላስቲኩ ይቀልጥና ኮንታክት ይፈጠራል፣ ከጀርባው ያለው ደግሞ እንጨትና ፎም ነው።

ከረንት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጠው ብሬከሩ አለ አይደል ወይ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ብሬከር የሚያየው በመስመሩ ላይ የሚሄደውን የከረንት ብዛት ነው። የላላ ሶኬት ከረንቱን አይጨምረውም፣ ስለዚህ ሶኬቱ ግድግዳ ውስጥ እየተጠበሰ ብሬከሩ ምንም ሳይመስለው ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ከአንድ አርቪ ግድግዳ ላይ የነቀልኩትን ሶኬት ብታዪው፣ ከፊት ለፊቱ ንጹህ ነጭ ነው፣ አንደኛዋ ቀዳዳ ዳር ላይ ብቻ ጥፍር የምታህል ቡናማ ነገር አለች፣ ገልብጬ ጀርባውን ሳየው ፕላስቲኩ ቀልጦ ሽቦው ላይ ተጣብቋል፣ መዳቡ ጠቁሯል፣ ሽፋኑ ስነካው እጄ ላይ ተሰባበረ። ባለቤቶቹ ብሬከሩ አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም ነበር የሚሉት።

አሁን ሂሳቡን ልንገርሽ። የአርቪሽ መብራት 120 ቮልት ነው። 1500 ዋት የሚለው ሂተር ለ120 ሲካፈል 12.5 አምፔር ይመጣል። አብዛኛው የአርቪ የሶኬት መስመር 15 አምፔር ነው፣ አንዳንዱ 20። ለብዙ ሰዓት ሳይቋረጥ የሚሰራ ነገር ደግሞ ከብሬከሩ 80 ፐርሰንት በላይ ባይስብ ነው ጥሩ፣ የ15 አምፔር 80 ፐርሰንት 12 ነው። ሂተሩ ብቻውን አለፈው ማለት ነው፣ እዛው መስመር ላይ ሌላ ነገር ሳይሰካ።

ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይቺን ያዢልኝ፣ ሂተሩን ዝቅተኛው ላይ አድርጊው። ብዙዎቹ ሎው የሚለው ላይ 750 ዋት ናቸው፣ ያ 6.25 አምፔር ብቻ ነው። እና ልብ በዪ፣ የላላ ቦታ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከከረንቱ ጋር እኩል አይደለም የሚወርደው፣ ከረንቱ በግማሽ ሲቀንስ እዛ ቦታ ላይ ያለው ሙቀት ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። ክፍሉ ውስጥ የምታጪው ሙቀት ግማሽ፣ ሶኬቱ ላይ የሚቀንሰው አደጋ ግን ከዛ በላይ ነው። አይበቃኝም ካልሽ ሙሉ ሃይል ላይ አንዱን ከማሰቃየት ሁለት ሂተር እያንዳንዱን ዝቅተኛው ላይ አድርገሽ በሁለት የተለያየ ብሬከር ላይ ብትሰኪ ይሻላል። የተለያየ ሶኬት ማለት የተለያየ መስመር ማለት አይደለም ታዲያ፣ አንዱን ብሬከር አውርጂና የትኞቹ ሶኬቶች እንደጠፉ እያየሽ ወረቀት ላይ ጻፊው።

እጅሽን ደግሞ ተጠቀሚበት። ሂተሩ ከበራ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሂጂና ፕላጉን፣ ገመዱን፣ የሶኬቱን ፊት ንኪ። ለብ ቢል ችግር የለውም። እጅሽን አሳርፈሽ ማቆየት ካስቸገረሽ ግን ሂተሩን ከራሱ ማጥፊያ አጥፊና ንቀዪው፣ ከዛ በኋላ እዛ ሶኬት ላይ ሂተር አይሰካም። ሌላው ሰው የማያስበው ነገር፣ አርቪ ውስጥ አንድ ሽቦ ከሶኬት ወደ ሶኬት እየተሸጋገረ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ መጨረሻው ላይ ብትሰኪ ከረንቱ በፊት ያሉትን ሁሉ አልፎ ነው የሚመጣው፣ የላላው ደግሞ ከሶፋው ጀርባ ያለው ምንም ያልሰካሽበት ሊሆን ይችላል። በዛ መስመር ላይ ያሉትን ሁሉንም ንኪ። ፕላጉን ስትሰኪ ልል ብሎ ከገባ፣ ካልያዘ፣ ሲነካካ ቢጮህ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተሽ፣ አለቀ፣ ያ ሶኬት ይቀየራል። በናስትሮ ጠቅልሎ መቀጠል የሚባል ነገር የለም። ሲቀየር በብሎን የሚታሰረው ዓይነት ከነሳጥኑ ቢገባ ነው የምወደው፣ ግን ከውጭ መብራት የሚያመጣውን ገመድ ሳትነቅዪ፣ የባትሪውን ወደ 120 ቮልት የሚቀይረውን ኢንቨርተር ሳታጠፊ፣ በቴስተር መብራት እንደሌለው ሳታረጋግጪ ካቻቢቴ እንዳታስጠጊ፣ ባይሆን የሚያውቅ ሰው ጥሪ።

ኤክስቴንሽን አትጠቀሚ፣ ያ ብዙ ቀዳዳ ያለው ማከፋፈያ ደግሞ ጭራሽ። እነሱ ውስጥ ያለው ሽቦ ቀጭን ነው፣ ምንጣፍ ስር ወይ አልጋ ስር ካለፈ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሂተር በቀጥታ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰካው። ብሬከሩ ቢወርድብሽ ደግሞ አንድ ነገር እየነገረሽ ነው፣ በትልቅ ብሬከር ቀይሪው የሚልሽን ሰው አትስሚ። 15 አምፔሩ የተቀመጠው ለሽቦው ልክ ነው፣ ብሬከሩን ወደ 20 ብታሳድጊው ሽቦው ከግድግዳው ውስጥ አብሮ አይወፍርም።

ጠቅላላውንም አስቢ። ያንቺ አርቪ 30 አምፔር ከሆነ ያለሽ በጠቅላላ 3600 ዋት ነው። ሂተር 1500፣ ውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ 1400 ገደማ፣ እዛ ላይ ማይክሮዌቭ ስትከፍቺ ሌላ 1500 አካባቢ ይጨምራል፣ አለፈ። 50 አምፔር ከሆነ ሁለት መስመር ስለሆነ 12,000 ዋት ድረስ ነው፣ ያ ሰፊ ነው፣ ግን የየሶኬቱ መስመር እዛም ያው 15 ወይ 20 ነው፣ እንዳትታለዪ። ውጪ አርቪሽን ካቆምሽበት አጠገብ መብራት የምትስቢበት ፖል ላይ ያለውን ሳጥንም እዪው፣ ስንቱ ሲሰካበት ሲነቀልበት የኖረ ነው፣ የዋናው ገመድሽ ጥርሶች ጠቁረው ወይ ተበልተው ካየሽ ቦታ እንዲቀይሩልሽ ጠይቂ። በብርድ ማታ ሁሉም ሰው ሂተር ሲከፍት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቮልት የሚያሳይና ሲበላሽ የሚቆርጥ መከላከያ ብትገጥሚ ገንዘብሽ አይባክንም።

አቀማመጡን አውቀሽዋል ብዬ ባስብም ልድገመው። ጠፍጣፋ ወለል ላይ ብቻ፣ አልጋ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ አይሆንም። ከሚቃጠል ነገር ሁሉ 3 ጫማ፣ ማለትም 90 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። አርቪ ውስጥ ይሄ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ መጋረጃው፣ አልጋ ልብሱ፣ የተሰቀለው ጃኬት ሁሉም እዛው ነው፣ ግን ሂተሩን ከማስቀመጥሽ በፊት ዙሪያውን ለኪው፣ ቦታ ካልተገኘ እዛ ቦታ ላይ አይበራም። እርጥብ ካልሲ ልታደርቂበት እንዳታስቢ። ስላይድ አውቱ፣ ያ ወደ ጎን የሚወጣው የአርቪው ክፍል ሲገባ ገመዱን እንዳይጨፈልቀው እዪ። በአልጋሽና በበሩ መሃል ደግሞ በፍጹም እንዳይሆን፣ እሳት ቢነሳ መውጫሽን ነው የሚዘጋብሽ።

ሌላ ሂተር ልጨምር ካልሽና የትኛው ይሻላል ካልሽኝ፣ ሙቀቱ ሁሉም ያው ነው፣ 1500 ዋት በሰዓት 5100 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ገደማ ነው የሚሰጠው፣ በውድም ይገዛ በርካሽ። የሚለየው አሰራሩ ነው። ዘይት ያለው ራዲያተር ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፣ ግን ድምጽ የለውም፣ ላዩም እንደ ቀይ ሽቦው አይፋጅም፣ እኔ እሱን እመርጥልሻለሁ፣ ክብደት ስላለው ግን ስትነጂ ታስሮ ይቀመጥ። ፋን ያለው ሴራሚክ ቶሎ ያሞቃል፣ ለጠዋት ጥሩ ነው። የትኛውም ይሁን ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋ፣ ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚያቆምና ዩኤል ወይም ኢቲኤል የሚል የደህንነት ፍተሻ ማለፉን የሚያሳይ ምልክት ያለበት ይሁን። ወጥተሽ ስትሄጂ አጥፊው፣ ንቀዪውም።

ማታ ስትተኚም ይጥፋ። ይሄን ስልሽ ፊትሽ ሲቀየር ይታየኛል፣ ግን ለዛ ነው ፈርነስ፣ ያ በጋዝ የሚሰራው የአርቪው ዋና ማሞቂያ ያለሽ። ደግሞ ፈርነሱን ዘግተሽ በሂተር ብቻ ልትኖሪ እንዳታስቢ፣ ጋዝ ለመቆጠብ ብለው ብዙ ሰዎች ያደርጉታል። ብዙ አርቪ ላይ የፈርነሱ ትኩስ አየር ከወለሉ ስርም ያልፋል፣ የውሃ ቧንቧውና ታንኮቹ የማይበርዱት በሱ ነው። ሂተሩ ክፍሉን ካሞቀው የክፍሉን ሙቀት የሚለካው ቴርሞስታት በቃ ሞቋል ብሎ ፈርነሱን አያስነሳውም፣ አንቺ ከላይ እየሞቀሽ ከስርሽ ቧንቧው በረዶ ይሆንና ይፈነዳል። ሂተሩ ለረዳትነት ነው፣ ውጪው ከዜሮ በታች ሲሆን ፈርነሱ እየተነሳ ይስራ። ለእንቅልፍ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ግዢ፣ ከ100 እስከ 200 ዋት ቢስብ ነው፣ ሳይተጣጠፍ ዘርግተሽው፣ ላዩ ላይ ምንም ሳትከምሪበት።

መብራት ያለው ካምፕግራውንድ ሳትሆኚ ከባትሪ በኢንቨርተር ሂተር አበራለሁ እንዳትዪ። 1500 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ከ125 አምፔር በላይ ነው የሚስበው፣ 100 አምፔር አወር ሊቲየም ባትሪ አንድ ሰዓት አይሞላልሽም። ጄኔሬተር ከሆነ ደግሞ ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ገዳይ ጋዝ አለ፣ ጋዙ ሽታ የለውም፣ በመስኮት ይገባል፣ ጄኔሬተር እየሰራ አትተኚ።

ሙቀቱ እንዳይወጣ ብታደርጊ ሂተሩ ራሱ ብዙ አይሰራም። ጣሪያው ላይ ያለውን ቬንት፣ የአየር መውጫውን ማለቴ ነው፣ በትራስ ድፈኚው፣ መስኮቶቹ ላይ ያንን የሚያብረቀርቅ ሽፋን ለጥፊ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፊ፣ የሹፌሩን ወንበር ክፍል በወፍራም መጋረጃ ለዪው። ከትንፋሽሽ የሚመጣው እርጥበት መስኮት ላይ ስለሚጠራቀም ግን አንዷን መስኮት ትንሽ ገርበብ አድርጊ፣ እዛ ላይ እንኳን ሙቀቱ አያሳዝንሽ።

የጭስ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድና የጋዝ አላርሞቹን ቁልፋቸውን ተጭነሽ ይጮሁ እንደሆነ እዪ፣ ጀርባቸው ላይ የማለቂያ ቀን አለ፣ ያለፈበት ከሆነ ቢጮህም ይቀየር። እሳት ማጥፊያው በሩ አጠገብ ይሁን። ያቺን ቀይ እጀታ ያላትን የአደጋ መስኮት ደግሞ ዛሬውኑ ክፈቻት፣ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት የቆየ ጎማው ይጣበቃል። በመስኮቷ መውጣት ትችያለሽ ወይ? ሞክሪው። አርቪ ሲቃጠል ደቂቃ አይሰጥም፣ ዕቃ ለማዳን አይደለም ጫማ ለመፈለግም አትቁሚ፣ መጀመሪያ ውጪ ከዛ ደውዪ።

አሁን የምፈልገው፣ የብሬከር ሳጥኑን በር ክፈቺና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ቁጥሮቹ እንዲታዩ። የሂተሩን ጀርባ ዋቱ የተጻፈበትንም ላኪ። ሂተሩን ልትሰኪበት ያሰብሽውን ሶኬት ደግሞ ከቅርብ፣ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ጥርት ብሎ። አይቼ የትኛው መስመር ላይ ምን እንደምትሰኪ ጽፌ እልክልሻለሁ፣ እስከዛ ዝቅተኛው ላይ ብቻ፣ ነቅተሽ እያለሽ ብቻ። እናትሽ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ልላክላት ወይ ትላለች፣ አድራሻሽን ጻፊላት።

አባትሽ