ኤግዚቢቱ ስልክ ሲሆን

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። እናትሽ በርበሬ አዘጋጅታልሻለች፤ የሚመጣ ሰው ስናገኝ ይደርስሻል።

ሕግን ከሳይበር ወንጀልና ከአይቲ ደህንነት ጋር አጣምሮ የሚያስተምረውን ማስተርስ ልጀምር ወይስ ልተው ብለሽኛል። «የኮምፒውተሩ ክፍል ያስፈራኛል» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ጀምሪው ባይ ነኝ።

ፍርድ ቤት ስሠራ ኤግዚቢት፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ፣ እረከብ እንደነበር ታውቂያለሽ። ጠመንጃ ሲመጣ ቁጥሩን እመዘግባለሁ። ማን አመጣው፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን እጅ፣ ሁሉንም አስፈርማለሁ። አንዲት ፊርማ ከጎደለች ጠበቃው ተነስቶ «ይህ ያኔ የተያዘው ጠመንጃ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?» ይላል። እውነቱን ነው።

አምና ጥቅምት ቅቤ የምትነግደው ጎረቤታችን ላይ የደረሰውን አልነገርኩሽም። «ከባንክ ነው» ብለው ደወሉላት። በመልእክት የገባላትን ቁጥር አነበበችላቸው። 18,000 ብሯ በደቂቃ ውስጥ ወጣ። ልጇ ስልኩ ተጠልፏል ብሎ ደንግጦ ሪሴት አደረገው። መልእክቱም፣ የጥሪው ዝርዝርም አብሮ ጠፋ። አቤቱታውን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ከቃሏ በቀር የማያይዘው ነገር አልነበረኝም። ያመለከትንበት ቦታ የተቀበለን ሰውም «እንጠራችኋለን» ከማለት አላለፈም።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁን፣ ቁጥር 958/2008ን፣ ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። አገልግሎት ሰጪው፣ ለምሳሌ የቴሌኮም ድርጅቱ፣ የግንኙነቱን መረጃ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆይ ያስገድዳል። ፍርድ ቤት ሲያዝም ይሰጣል። ማስረጃው ስልኳ ላይ ብቻ አልነበረም ማለት ነው! ጠያቂ ነው የጠፋው። እኔም አላወቅኩም፣ አቤቱታውን የተቀበለን ሰውም አላወቀም። ባለፈው ወር ዓመቱ ሞላ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሕጉን የሚያውቀው መረጃው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። ማሽኑን የሚያውቀው ደግሞ ችሎት ምን እንደሚቀበል አያውቅም። ሴትዮዋ የወደቀችው በሁለቱ መሀል ነው።

የላክሽልኝ የትምህርት ዝርዝር ውስጥ ሀሽ የሚለውን የጎረቤት ልጅ አስረዳኝ። አንድ ፋይል ተሰልቶ የራሱ መለያ ይወጣለታል አለኝ። ኤስኤችኤ-256 በሚሉት ስሌት 64 ፊደልና አኃዝ ነው። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትቀየር መለያው ሌላ ይሆናል። ልጄ፣ ይህ እኮ የእኔ ፊርማ ነው! «ያኔ የተያዘው ይኸው ራሱ ነው» ለማለት የተሠራ ነገር ነው። አንቺ በልጅነትሽ ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጠሽ ያየሽውን ሥራ ነው የሚያስተምሩሽ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጠመንጃ ውስጥ የሰው ገመና የለም። ስልክ ውስጥ የልጆች ፎቶ አለ፣ የሐኪም ወረቀት አለ፣ ባልና ሚስት የተጻጻፉት አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁም፣ 1321/2016፣ ወጥቷል። ምን እንደሚከፈት ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይነካም አጥብቀሽ ተማሪ።

የምዝገባው ቀን መቼ እንደሚያልፍ ቶሎ ጻፊልኝ። ለክፍያው የጎደለውን ከጤፉ እንሞላዋለን።

ጎረቤታችን ምን ልትማሪ እንደሆነ ነግሬያታለሁ። ያንን ስልክ በፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። «ስትመጣ ታየዋለች፣ ማንም አይነካውም» አለችኝ። ባዶ መሆኑን ልነግራት አልቻልኩም።

አባትሽ