ለደንበኞቻችን፦ ባለ 4ቷን ሌንስ ከካርቶኑ ያወጣንበት ምክንያት

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ከረማችሁ። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ መከፈት ሲጀምር ስልካችን ይበዛል፣ ዘንድሮ ደሞ አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁን አንድ አይነት ጥያቄ ነው፦ የቴሌስኮፑ ካርቶን ላይ 525 እጥፍ ያጎላል ይላል፣ እናንተ ግን ባለ 4 ሚሊሜትሯን አይፒስ (ዓይን የሚጠጋባትን ትንሿን ሌንስ) እና ባርሎዋን (ማጉላቱን የምታባዛውን ተጨማሪ ሌንስ) አውጥታችሁ ነው የሸጣችሁልን፣ ለምን? ገንዘቡን የከፈለ ሰው መጠየቅ አለበት፣ ስለዚ በስልክ አንድ በአንድ ከምናስረዳ ቁጭ ብለን እንጻፈው አልን።

ነገሩ የጀመረው አምና ጥቅምት ላይ ነው። አንድ አባት ለልጃቸው የገዙትን፣ መስታወቱ 76 ሚሊሜትር የሚሰፋ ቴሌስኮፕ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከነልጃቸው መጡ፣ ተበላሽቷል፣ ምንም አያሳይም አሉን። ገና ቀን ስለነበር ሻይ እየጠጡ እስኪመሽ ጠበቁ፣ ከዛ በረንዳችን ላይ አቁመን ወደ ጨረቃ አዞርነው። እሳቸው ቤት እንዳደረጉት ባለ 4ቷን ከባለ 3 እጥፏ ባርሎ ጋር ሰክተን ስናይ ጨረቃ የለችም፣ ውሃ ውስጥ የወደቀ የሚመስል ግራጫ ነገር ይንቀጠቀጣል፣ ፎከሱን ለማስተካከል ቁልፉን በነካን ቁጥር ደሞ እሱም ይጠፋል። ምንም አልጠገንንም፣ አይፒሷን አውጥተን ባለ 25ቷን ከተትንበት፣ በቃ። ጎንበስ ብለው አዩና ዝም አሉ፣ ቆዩ፣ ከዛ ዓይናቸውን ሳያነሱ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው የልጁን ትከሻ መፈለግ ጀመሩ። እኛም ያን ማታ ነው እነዚህን ሁለት እቃዎች ከዚ በኋላ ለማንም አንሰጥም ያልነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ሁላችሁም ቤት ቁጭ ብላችሁ ልትሰሩት ትችላላችሁ። የቴሌስኮፑን ፎካል ሌንግዝ፣ ማለት ብርሃኑ ተሰብስቦ ምስል እስኪሰራ የሚሄደውን ርቀት፣ አይፒሱ ላይ ለተጻፈው ቁጥር ማካፈል ነው። ቱቦው ላይ 700 የሚል ካለና አይፒሱ 25 ከሆነ 28 እጥፍ ነው፣ 10 ከሆነ 70 እጥፍ፣ 4 ከሆነ 175፣ እሱ ላይ ባለ 3 ባርሎ ሲጨመር 525 ይመጣል፣ ፋብሪካው ካርቶኑ ላይ የለጠፈው እሱን ነው። ቁጥሩ በሂሳብ ትክክል ነው፣ ችግሩ ዓይን የሚያየው ነገር አለመኖሩ ላይ ነው። አንድ ቴሌስኮፕ በደህና ማታ ሊሸከም የሚችለው የመስታወቱን ስፋት በሚሊሜትር ወስዳችሁ በ2 ብታባዙት የሚመጣውን ያክል ነው፣ ለ76 ማለት 150 ገደማ። ከዛ በላይ የምትጨምሩት ማጉላት አዲስ ነገር አያሳያችሁም፣ ያንኑ ብርሃን እየዘረጋና እያሳሳ ይሄዳል፣ ልክ ትንሽ ቅቤ ትልቅ ዳቦ ላይ እንደመቀባት። በ525 እጥፍ ከአይፒሱ የሚወጣው የብርሃን ጨረር ውፍረቱ 0.14 ሚሊሜትር ነው፣ በ28 እጥፍ ግን 2.7 ሚሊሜትር ይሆናል። ምድር ስለምትዞር ደሞ የምታዩት ነገር በራሱ ጊዜ ይሄዳል፣ በ525 እጥፍ ከአንዱ ጠርዝ ገብቶ በሌላው እስኪወጣ 20 ሴኮንድ እንኳን አይሞላም፣ እስኪ በዛች 20 ሴኮንድ ውስጥ ፎከስ አስተካክላችሁ፣ ንዝረቱ እስኪቆም ጠብቃችሁ፣ ልጅ ጠርታችሁ አሳዩ።

እንጦጦ ላይ ያሉትን ሁለት ቴሌስኮፖች ሰምታችሁ ይሆናል፣ ስለነሱ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው የመስታወታቸው ስፋት ነው፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር። ስንት እጥፍ ያጎላሉ ብሎ የሚጀምር ባለሙያ የለም፣ ብርሃን የሚሰበስበው ስፋቱ ነውና። እቃ የሚልክልንን ፋብሪካ ያንን 525 የሚለውን ቁጥር ከካርቶኑ ላይ አንሱልን ብለን ጽፈን እሺ አላሉንም፣ ስለዚ እኛ ማድረግ የምንችለውን አደረግን።

አሁን ካርቶኑ ውስጥ የምናስገባው ሁለት ፕሎስል አይፒስ ነው፣ ባለ 25 እና ባለ 10። ፕሎስል የሚባለው ዲዛይን ከቪየና የመጣ ነው፣ ጆርጅ ሳይመን ፕሎስል በ1860 የሰራው፣ እስካሁን ድረስ ዋጋው ሳይጎዳ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል። በባለ 25ቷ 3 ጨረቃ ጎን ለጎን የሚያሰልፍ ሰማይ በአንድ ጊዜ ታያላችሁ፣ ሰባቱ ከዋክብት ሙሉ በሙሉ ይገቡባታል፣ ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ስር ያለው ጭጋግም በሷ ነው የሚያምረው። ሁሌም መጀመሪያ እሷን ክተቱ፣ ነገሩን አግኙት፣ መሃል ላይ አድርጉት፣ ከዛ ነው ወደ ባለ 10ሯ የሚቀየረው። በባለ 10ሯ የጁፒተር ሁለቱ ቡናማ ቀበቶዎችና የሳተርን ቀለበት ይለያሉ። ሳተርንን በ2017 አይታችሁ ቀለበት የለውም ያላችሁን ደሞ አልተሳሳታችሁም፣ የዛን ዓመት መጋቢት ላይ ቀለበቱ በጠርዙ ዞሮብን ስለነበር ቀጭን መስመር ነበር የሚመስለው፣ አሁን ከዓመት ዓመት እየተከፈተ ነው የሚሄደው። ወደፊት አንድ ነገር ልጨምር ካላችሁ ጥሩ ባለ 2 እጥፍ ባርሎ ጨምሩ፣ ባለ 10ሯን ወደ 140 እጥፍ ያደርስላችኋል፣ ለ76 ሚሊሜትር መስታወት እዛ ላይ ይበቃል። በሻንጣ የሚመጣውን ባለ ብዙ አይፒስ ስብስብ ግን አትግዙ፣ ዶላሩ እንዲህ በጨመረበት ጊዜ ከውስጡ ሁለቷን ብቻ ለምትጠቀሙበት ነገር ያን ያክል ብር ማውጣት ያሳዝነናል፣ ለኛ ትርፍ ቢሆንም።

መነጽር ለምታደርጉ ይቺ በደንብ ትነበብ። ፕሎስል ላይ ዓይናችሁ ከመስታወቱ የሚርቅበት ቦታ ከቁጥሯ 70 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ በባለ 25ቷ ወደ 17 ሚሊሜትር ይመጣል፣ ከነመነጽር ትችላላችሁ፣ በባለ 10ሯ ግን 7 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ መነጽራችሁ ይጋጫል፣ ሽፋሽፍታችሁ ራሱ መስታወቱን ይነካል። ችግራችሁ የቅርብ ወይም የሩቅ ብቻ ከሆነ መነጽሩን አውልቁና ፎከሱን በራሳችሁ ዓይን አስተካክሉት፣ ምንም አይቀርባችሁም። አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት እኩል ክብ አለመሆን) ያለባችሁ ግን በተለይ በባለ 25ቷ ኮከቡ ተጎትቶ ነው የሚታያችሁ፣ ለናንተ ረዥም አይ ሪሊፍ፣ ማለት ዓይን ከመስታወቱ የሚርቅበት ሰፊ ቦታ ያላቸው አይፒሶች አሉ፣ 15 እስከ 20 ሚሊሜትር የሚሰጡ፣ ከመግዛታችሁ በፊት መነጽራችሁን ይዛችሁ ኑና ሞክሩ።

ስለ ማቆሚያውም ብዙ ሰው ይጠይቀናል፣ ኢኳቶሪያሉ ይሻላል ወይ እያለ። ኢኳቶሪያል ማቆሚያ አንዱን ዘንግ ወደ ሰሜን ኮከብ ማነጣጠር ይፈልጋል፣ አዲስ አበባ ደሞ ያቺ ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የምትለው፣ ማለት የጎረቤት ግንብ ወይ አንድ ባህርዛፍ ካለ አለቀ፣ አትታይም። ለግቢያችሁ ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚሄደው ማቆሚያ ይሻላል፣ መሬት ላይ የሚቀመጠው ዶብሶኒያን ከተገኘ ደሞ በጣም ጥሩ፣ አይንቀጠቀጥም። ሰሜኑ ዝቅ ማለቱ ግን በደቡብ በኩል ይካሳል፣ አብዛኛው አውሮፓ ያሉ ሰዎች ከቤታቸው ሊያዩት የማይችሉትን ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለውን የከዋክብት ክምር እኛ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከአድማስ 33 ዲግሪ ከፍ ብሎ እናገኘዋለን፣ በባለ 25ቷ እንደ ተበተነ ዱቄት ነው፣ ደመና ካልመጣባችሁ እንዳያመልጣችሁ። እና ቀን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ ኮንክሪት ጣራ ላይ አትውጡ፣ ሙቀቱ እየወጣ ምስሉን ያርገበግበዋል፣ ሳር ላይ ይሻላል፣ ቴሌስኮፑንም ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ አውጡትና ይቀዝቅዝ።

ክረምት ላይ አይፒስ ይሻግታል፣ ሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ይበቅላል፣ ከበቀለ በኋላ ማጽዳት ከባድ ነው። ክዳኑ ጥብቅ ባለ እቃ ውስጥ ከጫማ ካርቶን ጋር ከሚመጡት ትናንሽ ነጭ ከረጢቶች ጋር አስቀምጡት። አቧራውን በሶፍት ወይ በሸሚዝ አትጥረጉት፣ ይጫጭረዋል፣ ፋርማሲ በሚሸጠው የህጻናት አፍንጫ ማጽጃ ጎማ እፍ ማለት ይበቃል።

ይሄኛው ትልቁ ነው። አንዳንድ ካርቶኖች ውስጥ ከአይፒሱ ጀርባ የምትጠለፍ፣ ሰን የሚል የተጻፈባት ጥቁር መስታወት አለች። እባካችሁ ጣሏት። ቴሌስኮፑ የፀሐይን ሙቀት ሰብስቦ የሚያሳርፈው ልክ እዛች ቦታ ላይ ነው፣ መስታወቷ ድንገት ትሰነጠቃለች፣ ዓይን ደሞ አይጠገንም። የፀሐይ ፊልተር የሚገጠመው ከፊት ለፊት፣ ቱቦው አፍ ላይ ነው፣ ሌላ ቦታ የለውም። ይሄን አሁን የምንለው በ2012 ሰኔ ላይ ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆኖ እንደታየው አይነት ቀን ሌላ እየመጣ ስለሆነ ነው፣ ሐምሌ 26 ቀን 2019፣ ሙሉው ግርዶሽ መካና ጅዳን ነው የሚያልፈው፣ እኛ ጋ ደመናው ከፈቀደ ከፊሉ ብቻ ይታያል። ጅዳ ወንድም እህት ያላችሁ ይሄን አንቀጽ ላኩላቸው።

ከዚ በፊት ከኛ ገዝታችሁ ባለ 4ቷና ባርሎዋ እጃችሁ ላይ ያለ፣ ይዛችኋቸው ኑ፣ በባለ 25 ፕሎስል እንቀይርላችኋለን፣ ምንም አትከፍሉም፣ ደረሰኝ ቢጠፋባችሁም ችግር የለውም። ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ወደ ማታ ብትመጡ እዛው በረንዳ ላይ አብረን እንሞክረዋለን።