ጡት ጋን አይደለም

ደሴ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

ትናንት በስልክ «እማዬ፣ ጡቴ ከአሁኑ ቀሚሴን እያረጠበው ነው፤ ደህና ነው?» ስትዪኝ «ደህና ነው» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ የተሻገርኩት አጎትሽ አጠገቤ ቡና እየጠጣ ስለነበር ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አፈርኩ። ለእኔም የዛሬ 29 ዓመት ማንም በግልጽ የነገረኝ አልነበረም፤ ሁሉም እንዲህ ነበር ወሬ የሚቀይረው። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

የሚንጠባጠበው እንገር ነው። እርግዝናው አጋማሽ ላይ ሲደርስ ጡት እንገሩን ማዘጋጀት ይጀምራል። ከአንዳንዷ ይፈሳል፣ ከአንዳንዷ እስክትወልድ ጠብ አይልም፤ ኋላ የሚኖርሽን ወተት ብዛት ግን አይናገርም። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አጥፈሽ ጡት መያዣሽ ውስጥ አድርጊ፣ ሲረጥብም ቀይሪው። ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካየሽ ወይም እጅሽ ላይ የማይጠፋ እብጠት ካገኘሽ ግን «እርግዝና ነው» ብለሽ አትለፊው፤ ለሐኪምሽ አሳዪ።

ስትታጠቢ ጫፉ ላይ ሳሙና አታድርሺ፤ ውሃ ይበቃዋል። በጥቁሩ ክብ ላይ ብቅ ብቅ ያሉትን ጥቃቅን ነገሮች ብጉር መስለውሽ እንዳታፈርጪያቸው። ቆዳውን የሚያለሰልስ ቅባት የሚያወጡ እጢዎች ናቸው፤ ሳሙናው ያንን ቅባት ነው የሚያጥበው። ለእኔ የተነገረኝ «ጫፉን በሻካራ ፎጣ እየፈተግሽ አጠንክሪው» ነበር። ታዛዥ ነበርኩና ፈተግኩት፤ ገና ሳልወልድ ቆሰልኩ። መጎተትና ማሸት ደግሞ ማህፀን ሊያኮማትር ስለሚችል ወርሽ ሳይገባ አትነካኪው። ሽቦ ያለውን ጡት መያዣ አስቀምጪውና ሰፋ ያለ የጥጥ ግዢ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ።

አንቺ ስትወለጂ ቤቱ በሴቶች ተሞልቶ ነበር። እልልታው ሳያልቅ አንዷ ዘመዳችን «እንገሩ ያደረ ወተት ነው፤ ልጅቷን ያሳምማታል» ብላ ሁለቱንም ጡቴን መሬት ላይ አለበችው። ያ ወፍራም ቢጫ ነገር ትንሽ መሆኑ ለጉድ ነው፤ ልጁን ከበሽታ የሚከላከልለት የመጀመሪያው ነገር ግን እሱ ነው። አንቺ ቅቤ ላስሽ፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ጠጣሽና ጠግበሽ ተኛሽ። ሁሉም «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» አለ። እኔም ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን ጡቴ አጋተ። ድንጋይ ሆነ፣ ያብለጨልጭ ነበር። አንቺ በስኳር ውሃ የጠገብሽው ስትነቂ የጫፉን ጫፍ ብቻ ይዘሽ ትስቢና ትተዪዋለሽ። በአምስተኛው ቀን ጫፉ ተሰነጠቀ፤ ስትጠቢ ነጠላዬን ነክሼ ነበር የማጠባሽ። ከዚያ አንድ ጎኑ ቀላ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት መጣ። «ብርድ መታት» ተባለና መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ። እጀ ብርቱ የሆነች ሴትዮ ተጠርታ ጡቴን እንደ ሊጥ አሸችው። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ጠፋ። በሦስተኛው ሳምንት አባትሽ የዱቄት ወተት በቆርቆሮ ገዝቶ መጣ። «ወተቷ አልበቃ አለ» ተባለ፤ እኔም አመንኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠይቀኝ «ለእሷ ወተት አልነበረኝም» እል ነበር። አንቺም ስትሰሚ አድገሻል፤ «እኔም እንደ እማዬ ወተት ባይኖረኝስ?» ያልሺኝ ከዚያ የተነሳ እንደሆነ ይገባኛል። ልጄ፣ ወተት ነበረኝ።

ይህን ያወቅኩት ወንድምሽን ስወልድ ነው። ጤና ጣቢያ የነበረችው አዋላጅ ነርስ ወጣት ናት፣ ከእኔም ታንሳለች። ልጁን ሳታጥብ፣ ሳትጠቀልል፣ ራቁቱን ደረቴ ላይ አስተኛችው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ራሱ እየዳኸ የሚመስል ነገር አድርጎ ጡቴን ያዘ። እኔ ለምጄ ጡቴን ወደ አፉ ልወስድ ስጎነበስ እጄን ያዘችና «ጡቱን ወደ ልጁ አትውሰጂ፤ ልጁን ወደ ጡቱ አምጪ» አለችኝ። አፉን እንደሚያዛጋ ሰው ሲከፍት ጠበቀችና ቶሎ አስጠጋችው። አገጩ ጡቴን ነካ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገለበጠ፣ ከጥቁሩ ክብ ከላይ በኩል ትንሽ ሲታይ ታችኛው አፉ ውስጥ ገባ። አላመመኝም! ከዚያ በፊት ማጥባት የሚያም ነገር ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ ሲይዝ ትንሽ ቆንጠጥ ሊያደርግሽ ይችላል፤ እስኪጨርስ የሚያምሽ ከሆነ ግን አጎራረሱ ልክ አይደለም። ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂውና እንደገና አስይዥው። አሥር ጊዜም ቢሆን።

ያቺው ነርስ ናት «ጡት ጋን አይደለም» ያለችኝ። ጋን ሲቀዱለት ይጎድላል። ጡት ግን ሲጠባ ነው የሚመረተው። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ወተቱን ይዞ የነበረው ሆርሞን ይወርዳል፤ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ወተቱ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚያዘው ልጁ ነው። ሲጠባ አንጎል ሁለት መልእክት ይልካል። አንዱ ፕሮላክቲን ነው፣ ወተቱን ያሠራል፤ ሌሊት ስለሚበረታ የሌሊቱን ጡት አትዝለዪ። ሌላው ኦክሲቶሲን ነው፣ የተሠራውን ያወርዳል። እሱ ድንጋጤና ሕመም ያግደዋል። አያትሽ ቤት ጥጃዋ ጠጋ ሳትል ላሟ ወተቷን አለቅም ስትል አይተሽ የለ? እንደዚያ ነው። ሞልቶ ሳይጠባ የቀረ ጡት ደግሞ «አይፈለግም» ብሎ ሥራውን ይቀንሳል። እኔ ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ ስኳር ውሃው ያንቺን ረሃብ ወሰደ፣ ረሃብሽ ሲሄድ ወተቴ ተከትሎት ሄደ።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ታጠቢያለሽ። ሰዓት አትመልከቺ፤ እጁን ወደ አፉ ሲወስድ፣ ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ ሲያዞር ስጪው። ለቅሶ የመጨረሻው ምልክት ነው። ማታ ማታ ያለማቋረጥ ሊጠባ ይፈልጋል፤ ያኔ ነው አንድ ሰው ተነስቶ «አልጠገበም» የሚልሽ። ዳይፐሩን ቁጠሪ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ ዓይነ ምድሩ ከጥቁር ወደ ቢጫ ከተለወጠ፣ መጀመሪያ የጎደለውን ክብደት በሁለት ሳምንት ገደማ ከመለሰ በቅቶታል። እነዚህ ከጎደሉ ግን በኩራት አትያዢው፤ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰጂው። እውነት ወተት የሚያንሳት እናት አለች፤ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ማህፀን ውስጥ ሲቀር ለምሳሌ ወተት ይዘገያል። ያኔ የዱቄት ወተት ነውር አይደለም። አንቺም በእሱ አድገሽ ይኸው ሰው ሆነሻል።

አጥሚቱን አዘጋጅቻለሁ፤ አጃውን ራሴ ለቅሜ አስፈጭቻለሁ። ገንፎውንም ብዪ። ግን ወተት የሚያመጣው አጥሚቱ ብቻ አይምሰልሽ። እኔ ሳስበው የአራስ ቤት ምሥጢር ሌላ ነው፤ ሰው ሲሠራልሽ አንቺ ተቀምጠሽ ታጠቢያለሽ። አብሽ ወተት ያበዛል ይላሉ፤ ማስረጃው ጠንካራ አይደለም፤ ምግብ ላይ ገባ ብሎ ቢመጣ አይጎዳሽም፣ በጽዋ እየሞላሽ ግን አትጠጪው፣ በተለይ ስኳር ያለበት ሰው የደም ስኳሩን ሊያወርድበት ይችላል። ጠላ ግን ተዪ። «ለአራስ ወተት ያወርዳል» እየተባለ ስንቶቻችን ጠጥተናል፤ አልኮል ማውረዱን ነው የሚያግደው፣ ወደ ልጁም ያልፋል። ቡና አንድ ሁለት ስኒ ይፈቀድልሻል፣ ያለ እሱ እንደማትኖሪ አውቃለሁ። ውሃ በጠማሽ ቁጥር። ጾሙም ሊገባ ነውና ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ነፍሰ ጡርና አራስ ይጹሙ የሚል አስጨናቂ ቄስ እኔ አላጋጠመኝም።

ጡትሽ ሲያጋት ልጁ ከመጥባቱ በፊት ትንሽ በእጅሽ አልበሽ አለስልሺው፤ ካጠባሽ በኋላ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አድርጊበት። ጫፉ ቢሰነጠቅ የራስሽን ወተት ጠብ አድርገሽ አየር ላይ አድርቂው፤ ዋናው መድኃኒት ግን አጎራረሱን ማስተካከል ነው። አንድ ቦታ ቀልቶ ቢያምሽ ማጥባትሽን አታቁሚ፤ ወተቱ አይጎዳውም። በቀስታ ዳሰስ ታደርጊዋለሽ እንጂ ማንም በጉልበት እንዲያሽሽ አትፍቀጂ፤ ጉልበቱ እብጠቱን ያብሰዋል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ፤ የሚያጠቡ ሴቶች የሚወስዱት መድኃኒት አለ። እኔ እንዳደረግኩት መስኮት ዘግተሽ አትቀመጪ።

ሥራሽንም አስቤዋለሁ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የሠራተኛ አዋጅ ከመውለድሽ በፊት 30 ቀን፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ቀን አለሽ። ልጁ ግን ስድስት ወር እስኪሞላው ውሃም ሳይጨመር ጡት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የቀሩትን ወራት በማለብ ትሞዪዋለሽ። ባንኩ ውስጥ በር የሚዘጋ ክፍል እንዳለ ከአሁኑ ጠይቂ፤ መጸዳጃ ቤት ውስጥ እንዳታልቢ። የታለበው ወተት ክፍል ውስጥ አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን እየከፈታችሁ አትዩት። ወተቱን እሳት ላይ አትጣዱት፣ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ዕቃውን ማስቀመጥ ይበቃል። በስኒ ማጠጣት ይቻላል፣ ጡጦውን የግድ አይልም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አማትሽ ናቸው አጠገብሽ የሚሆኑት፤ እኔ አያትሽን ትቼ ከሁለተኛው ሳምንት በፊት አልደርስም። ደግ ሴት ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ። ቅቤ ይዘው ከመጡ ግን «ሐኪሙ ከልክሎኛል» በያቸው። የእኔን ስም አታንሺ።

ሌሊት ቢጨንቅሽ ደውዪ። እኔ እንደሆነ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነቅቼ ነው የማድረው።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

እናትሽ

በአጥሚቱ ከረጢት ውስጥ አሮጌ ነጠላዬን ቀድጄ አጣጥፌ ጨምሬልሻለሁ፤ ከሱቁ ጨርቅ ይለሰልሳል። አንዱ ጠርዝ ላይ የጥርስ ምልክት ብታዪ እሱ የዚያን ጊዜው ነው።